ሁለት ትራንዚስተርና አንድ ድንጋይ

ጊታሪስቶች እግር ስር ተደርድረው የምታዩዋቸው፣ በጫማ የሚረገጡት ባለቀለም ሳጥኖች ውስጥ ምን አለ? ጠይቃችሁኛል፤ እንግዲህ በአንድ ዓረፍተ ነገር አልለቃችሁም። በዓለም ላይ ስማቸው ከገነነው አንዱን፣ ጂሚ ሄንድሪክስ ይረግጠው የነበረውን ፈዝ ፌስን ብትከፍቱት የምታገኙት ይኼን ነው፦ ሁለት ትራንዚስተር፣ አራት ሬዚስተር፣ ሦስት ካፓሲተር፣ ሁለት ማዞሪያ። በቃ። አሥራ አንድ ዕቃ፣ እፍኝ የማይሞላ። ለንደን ውስጥ አርቢተር የተባለ ኩባንያ በ1966 ያወጣውን (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጆቹ እየቆጠርኩ ነው) ይህን ፔዳል ዛሬም ሰዎች በየቤታቸው ጠረጴዛ ላይ ይገጣጥሙታል። ሬዚስተርን ከካፓሲተር ለይቶ የማያውቅ ሰው እንኳ ቀስ ብሎ ከተከታተለ ቅዳሜ ከሰዓት ጀምሮ ማታ ሊጫወትበት ይችላል። ኃይሉ ደግሞ ከግድግዳ አይመጣም፤ አንድ ባለ9 ቮልት ድንጋይ ይበቃዋል።

እኔ ግን በፔዳሉ አትጀምሩ ባይ ነኝ። ሁሉም የሚቸኩለው ወደሱ ነው፤ እናንተ መጀመሪያ ትንሽ አምፕሊፋየር ሥሩ። ምክንያቱ ወደ ኋላ ላይ ይመጣል።

ከክሩ እንነሳ። ከኤሌክትሪክ ጊታር ክሮች ስር ያለው ፒክአፕ ማለት ማግኔት ነው፤ ዙሪያውን በጣም ቀጭን የመዳብ ሽቦ በሺዎች ለሚቆጠር ዙር ተጠምጥሞበታል። የብረት ክሩ ከማግኔቱ በላይ ሲርገበገብ ሽቦው ውስጥ ኤሌክትሪክ ይፈጠራል። ወፍራሙ ክር በሰከንድ 82 ጊዜ ይርገበገባል፤ ኤሌክትሪኩም በሰከንድ 82 ጊዜ ይመላለሳል። ሲያዩት ተአምር ነው፣ መጠኑ ግን ኢምንት ነው፦ የቮልት አንድ አሥረኛ ገደማ፣ ክሩን በኃይል ስትመቱት ለቅጽበት ወደ አንድ ቮልት ሊጠጋ ይችላል። በዚህ ጉልበት ስፒከር ንቅንቅ አይልም።

እዚህ ላይ ኤልኤም386 የተባለች አይሲ ትመጣለች። ስምንት እግር ያላት ትንሽ ጥቁር ዕቃ ናት፤ የተሠራችውም በድንጋይ ለሚሠሩ ትናንሽ ሬዲዮዎችና ኢንተርኮሞች ነው። እግሮቿ የሚቆጠሩት ጫፏ ላይ ካለው ጎድጎድ ያለ ምልክት በስተግራ ጀምሮ ወደ ታች፣ ከዚያ በሌላኛው ጎን ወደ ላይ ነው። አራተኛው ወደ ድንጋዩ ኔጌቲቭ፣ ስድስተኛው ወደ ፖዘቲቭ ይሄዳል። ጊታሩ በሦስተኛው ይገባል፤ ሁለተኛው ከኔጌቲቩ ጋር ይታሰራል። ድምፁ በአምስተኛው ይወጣል። ሰባተኛውን ለጊዜው ተዉት። አንደኛውንና ስምንተኛውን ካልነካችኋቸው አይሲዋ የገባላትን 20 ጊዜ ታጎላዋለች፤ በሁለቱ መካከል አንድ 10 ማይክሮ ፋራድ ካፓሲተር ካስገባችሁ ደግሞ 200 ጊዜ። ልዩነቱን በጆሮ ስትሰሙት ትደነግጣላችሁ።

ደስ የሚለው ነገር የሚጀምረው አምስተኛው እግር ላይ ነው። ጊታሩ ዝም ባለበት ሰዓት ያ እግር ዜሮ ላይ አይቀመጥም፤ የድንጋዩ ግማሽ ላይ፣ 4.5 ቮልት አካባቢ ይቆማል፤ ሲግናሉ ወደ ላይም ወደ ታችም እኩል መንቀሳቀሻ እንዲያገኝ። በቀጥታ ስፒከር ላይ ብታስሩት ያ 4.5 ቮልት የስፒከሩን ወረቀት ወደ አንድ ጎን ገፍቶ ይይዘዋል፣ ሽቦውንም ያግለዋል። ስለዚህ በመካከል አንድ ካፓሲተር ይገባል፤ ካፓሲተር የቆመውን ቮልቴጅ አግዶ የሚመላለሰውን ብቻ ያሳልፋል። በመጽሐፍ ስታነቡት ይኼ እንቅልፍ የሚያመጣ ነገር ነው። አሁን ግን 220 ማይክሮ ፋራድ አስገቡና ወፍራሙን ክር ምቱ፤ ቀጥሎ አውጥታችሁ 47 ተኩ። ባሱ ወዴት ሄደ? ስምንት ኦም ስፒከር ላይ 220ው ከ90 ኸርዝ አካባቢ በላይ ያለውን በደንብ ያሳልፋል፣ 47ቱ ግን ከ400 በላይ ያለውን ብቻ፤ ድምፁ የስልክ ድምፅ ይሆናል። 1000 ብታስገቡ እስከ 20 ኸርዝ ይወርዳል፣ ግን ከ220ው ያን ያህል ልዩነት አትሰሙም፤ ጊታሩ ከ82 በታች የሚናገረው የለማ! ይህን በትምህርት ቤት ጥቁር ሰሌዳ ላይ በቀመር ያየነው ሰዎች ብዙ ነን። በጆሯችን ሰምተነው ቢሆን ኖሮ ማን ይረሳው ነበር?

ሁለት ነገር ሳልነግራችሁ አልለፍ። አንደኛ፣ ከአምስተኛው እግር ወደ ግራውንድ (ወደ ድንጋዩ ኔጌቲቭ ማለት ነው) አንድ 10 ኦም ሬዚስተርና አንድ 0.047 ማይክሮ ፋራድ ካፓሲተር ተከታትለው ይግቡ፤ አለዚያ አይሲዋ ጆሮ በማይሰማው ከፍታ ብቻዋን ልትጮህና ልትግል ትችላለች። ሁለተኛ፣ ስፒከሩን ራቁቱን አትስሙት። የወረቀቱ ፊትና ጀርባ የሚገፉት አየር ዙሮ ይገናኝና ባሱን ያጠፋፋዋል። አንድ ካርቶን አምጡ፣ በስፒከሩ ልክ ቅደዱትና ለጥፉበት። ከዚህች አይሲ የሚወጣው ግማሽ ዋት ገደማ ነው፤ ቁጥሩን ንቃችሁት ከሆነ ከአንድ እውነተኛ ባለ12 ኢንች የጊታር ስፒከር ጋር አገናኙትና ጎረቤት እስኪያንኳኳ ጠብቁ።

አሁን ወደ ፈዝ። ታሪኩ የሚጀምረው ከተበላሸ ዕቃ ነው። ናሽቪል ውስጥ ማርቲ ሮቢንስ በ1961 የወጣውን "ዶንት ዎሪ" የተባለ ዘፈን ሲቀዳ፣ ግሬዲ ማርቲን የተባለው ጊታሪስት ባለስድስት ክር ቤዙን የሰካበት የሚክሰር መስመር ውስጡ ተቃጥሎ ነበር። በለሆሳስ ከሚሄድ ዘፈን መሀል ድንገት ጎርናና፣ እንደ ንብ የሚነዝር ድምፅ ወጣ። እንደገና መቅዳት ይችሉ ነበር፤ ተዉት። ዘፈኑ በካንትሪ ሙዚቃ ሰንጠረዥ አንደኛ ወጣ፤ ሌሎች ሙዚቀኞችም ያን ድምፅ እንፈልጋለን ማለት ጀመሩ። መስመሩ ግን ጨርሶ ሞተ። የስቱዲዮው ድምፅ ቀጂ ግሌን ስኖዲ ብልሽቱን በትራንዚስተር ለመድገም ተቀመጠ፤ ከባልደረባው ጋር የሠሩትን ለጊብሰን ኩባንያ ሸጡትና በ1962 ማየስትሮ ፈዝ ቶን ተብሎ ገበያ ላይ ዋለ። ሦስት የጀርማኒየም ትራንዚስተር ያለው ሳጥን ነው።

ኩባንያው ዕቃውን ያስተዋወቀው ጊታርን እንደ ትራምፔት፣ እንደ ቱባ፣ እንደ ቼሎ ያስጮኻል እያለ ነው። ገዢው ብዙም አልተከተለውም። በ1965 የሮሊንግ ስቶንሱ ኪት ሪቻርድስ "ሳቲስፋክሽን" ላይ ሲረግጠው እንኳ ሐሳቡ በኋላ በነሐስ መሣሪያዎች ሊተካው ነበር፤ ፈዙ ረቂቅ ብቻ ነበር። ረቂቁ ዘፈኑ ሆነ፣ ሱቅ ውስጥ አቧራ የጠጡት ሳጥኖችም አለቁ። እኔ ይህን ታሪክ የምወደው ለራሴ ጆሮ ስለሚቀርብ ነው፦ ከክብር ዘበኛና ከፖሊስ ኦርኬስትራ ዘመን ጀምሮ ዜማውን ሳክስፎንና ትራምፔት ሲመሩት የሰማን ሰዎች፣ ጊታር ወደዚያ ጎራ ሲሸጋገር ብዙም አይገርመን። በነገራችን ላይ፣ ያለ ትራንዚስተርም ይህን ድምፅ ያገኙ አሉ። የኪንክሱ ዴቭ ዴቪስ በ1964 የትንሽ አምፕሊፋየሩን ስፒከር በምላጭ ተልትሎ "ዩ ሪሊ ጎት ሚ"ን ተጫወተበት። አትሞክሩት አልልም፤ ግን የራሳችሁ ስፒከር ይሁን።

ታዲያ ድምፁ ለምን ይጎረናል? ድንጋዩ 9 ቮልት ነው፤ ያ ጣሪያ ነው። ወለሉ ዜሮ ነው። ትራንዚስተሩ ሲግናሉን 20 ቮልት ሊያደርሰው ቢሞክር ከጣሪያው አያልፍም፤ ክብ የነበረው የማዕበሉ ጫፍ ተቆርጦ ጠፍጣፋ ይሆናል። እዚህ ላይ አስገራሚው ነገር፣ የተቆረጠ ማዕበል የጎደለ ሳይሆን የተጨመረበት ድምፅ ነው። በሰከንድ 110 ጊዜ የሚርገበገበውን የላይኛውንም የታችኛውንም ጫፍ እኩል ከቆረጣችሁት 330፣ 550፣ 770 እያለ አዳዲስ ድምፅ ይወለዳል። አንዱን ጫፍ ከሌላው አብልጣችሁ ከቆረጣችሁት ደግሞ 220ና 440ም ይጨመራሉ፤ ድምፁ ወፈር፣ ሞቅ ይላል።

ሁለት ኖታ ባንድ ላይ ሲገባ ነገሩ ይወሳሰባል። የሁለቱ ልዩነትና ድምር ሳይጠሩ ይመጣሉ። 110 እና 165 ብትመቱ ልዩነቱ 55 ነው፤ ያው የ110 ታላቅ ወንድም፣ አንድ ኦክታቭ ወደ ታች። ለዚህ ነው ሮክ ጊታሪስቶች በሁለት ኖታ ብቻ ተራራ የሚያክል ድምፅ የሚያወጡት። ሙሉ ኮርድ ብትመቱ ግን የማይስማሙ ልዩነቶች ይፈለፈሉና ድምፁ ይጨቀያል። ፈዝ የሚወደው በአንድ መስመር የሚሄድ ዜማን ነው። ይህን ካወቃችሁ በትዝታ ወይም በአንቺሆዬ ቅኝት አንድ ዜማ በፈዝ ለመሞከር ግብዣ አያስፈልጋችሁም፤ የእኛ ዜማ ኮርድ አይደራርብም፣ ፈዙ ላይ ይቀመጣል።

ወደ አሥራ አንዱ ዕቃ እንመለስ። የመጀመሪያው ትራንዚስተር ሲግናሉን ያጎላና ካፓሲተር ሳይኖር በቀጥታ ለሁለተኛው ይሰጠዋል። ሁለተኛው እንደገና ያጎላዋል፤ ያኔ ጣሪያው ይነካል። ከሁለተኛው ኤሚተር (ከትራንዚስተር ሦስት እግሮች አንዱ ነው፤ ሌሎቹ ቤዝና ኮሌክተር ናቸው) ተነስቶ ወደ መጀመሪያው ቤዝ የሚመለስ 100 ኪሎ ኦም ሬዚስተር አለ፤ አንዱ ከልክ ሲያልፍ ሌላው እንዲመልሰው ሁለቱን ያመጣጥናቸዋል። ፈዝ የሚል የተጻፈበት ማዞሪያ 1 ኪሎ ኦም ነው፤ እስከ ጫፍ ስታዞሩት ከኋላው ያለው ባለ20 ማይክሮ ፋራድ ካፓሲተር የኤሚተሩን ሲግናል ወደ ግራውንድ ይወስደዋል፣ የሚያለዝበው የሚመለስ ነገር ይጠፋል፣ ጉልበቱ ሁሉ ይለቀቃል። ሁለተኛው ትራንዚስተር ከድንጋዩ ጋር የሚገናኘው በ470 ኦምና በ8.2 ኪሎ ኦም ተከታትሎ ነው። ድምፁ የሚወሰደው ከሁለቱ መካከል ስለሆነ ውስጥ ከተነሳው ማዕበል ውጭ የሚወጣው ከ18 እጅ አንዱ ገደማ ብቻ ነው። ድምፁ አነሰብኝ ካላችሁ 470ውን ወደ 1 ኪሎ ኦም ከፍ አድርጉት፤ ብዙ ቤት ሠራሽ ፈዞች ውስጥ የምታገኙት ይኼንኑ ነው።

ገጣጥማችሁ ስትጨርሱ ቴስተር አውጡና የሁለተኛውን ትራንዚስተር ኮሌክተር ለኩ፤ 4.5 ቮልት አካባቢ ካነበበ መሀል ላይ ነው። ወደ 8 ከወጣ ወይም ወደ 1 ከወረደ ኖታው እየተቆራረጠ ቶሎ ይሞታል፤ 8.2ቱን በሚዞር ሬዚስተር ተክታችሁ ታስተካክሉታላችሁ። (አንዳንዶች ያን የሚሞት ድምፅ ሆን ብለው ይፈልጉታል። እኔም እሁድ እሁድ።) ስለ እግር አደራደር አንድ ማስጠንቀቂያ፦ ቢሲ547 እና 2ኤን3904 በመልክ አንድ ናቸው፣ ጠፍጣፋው ፊት ወደ እናንተ ሲዞር ግን ኮሌክተርና ኤሚተራቸው ተገለባብጦ ነው የሚገኘው።

የመጀመሪያዎቹ ፈዝ ፌሶች በጀርማኒየም ትራንዚስተር ነበር የሚሠሩት፤ በኋላ ሲሊከን መጣ። ጀርማኒየም ለስለስ ያለ ድምፅ አለው፤ ጠባዩ ግን አስቸጋሪ ነው። ሙቀት ሲጨምር ኤሌክትሪክ ያፈስሳል፣ ያ ያስተካከላችሁት ቮልት ይንሸራተታል። እንደ አዲስ አበባ ቀኑ ሞቆ ሌሊቱ በሚበርድ አገር ቀትር ላይ ያስተካከላችሁት ፔዳል ማታ ሌላ ፔዳል ነው። ያም ሆኖ በ1960ዎቹ የተሠራ፣ ጥግ የተጣለ የአውሮፓ ትራንዚስተር ሬዲዮ ካገኛችሁ ውስጡ ኤሲ128 ወይም ዘመዶቹ ሊኖሩ ይችላሉ። ምን አለሽ ተራን ወይም አንድ አንጋፋ ሬዲዮ ጠጋኝ ቤት መጎብኘት አያስቆጭም። ስትነቅሉት እግሩን በፒንሳ ያዙት፤ ሙቀቱ ወደ ፒንሳው ይሄዳል፣ ትራንዚስተሩም ይተርፋል። ሌላ የምወደው ነገር ደግሞ ያለቀ ድንጋይ ነው። ርካሹ የዚንክ ካርቦን ድንጋይ ሲደክም ቮልቱ ይወርዳል፣ ጣሪያው ዝቅ ይላል፣ ፈዙም ይበልጥ ይለሰልሳል። ስለዚህ የጭስ ማስጠንቀቂያው "ድንጋይ ቀይሩልኝ" እያለ ሲጮህ የወጣውን አትጣሉት።

ገጣጥማችሁ፣ ሰክታችሁ፣ ዝም ካለስ? አምፕሊፋየሩን ለምን አስቀድሙ እንዳልኳችሁ አሁን ይታያችኋል። አንድ ሽቦ ጫፉ ላይ 0.1 ማይክሮ ፋራድ ካፓሲተር ቀጥሉ፣ ሌላውን ጫፍ ወደ አምፕሊፋየራችሁ መግቢያ አስገቡ፣ የሁለቱን ዕቃዎች ግራውንድ አገናኙ። ጓደኛ ጊታሩን ይምታ። እናንተ በካፓሲተሩ እግር ከፔዳሉ መግቢያ ጀምራችሁ መስመሩን ንኩ፦ ጃኩ ላይ ይሰማል፣ ከመጀመሪያው ካፓሲተር በኋላ ይሰማል፣ የመጀመሪያው ትራንዚስተር ኮሌክተር ላይ ጮክ ብሎ ይሰማል፣ ሁለተኛው ላይ ዝም። ጥፋቱ በሁለቱ መካከል ነው! ብዙውን ጊዜ በደንብ ያልያዘ ሶልደር ወይም የተገለበጠ እግር ነው። ኦሲሎስኮፕ የሌለው ሰው የሚሠራው እንዲህ ነው፤ ኦሲሎስኮፕ ያለውም ቢሆን ዘዴውን አይንቀውም። ዘጠኝ እግር ያለውን የእግር ማብሪያ ማጥፊያ ለመጀመሪያው ሥራ እርሱት፤ ከፔዳሉ ሁሉ ሰው የሚያማርረው እሱ ነው።

ስለ ተጣለ ዕቃ ካነሳን ጆን ዲከንን ሳልጠቅስ ብቀር ይቆጨኛል። የኩዊን ባንድ ቤዝ ተጫዋች ነበር፤ ኤሌክትሮኒክስ የተማረ ሰው። በ1970ዎቹ መጀመሪያ ለንደን ውስጥ ከቆሻሻ ማጠራቀሚያ የተጣለ የሬዲዮ ሰርኪውት አንስቶ በትንሽ የስፒከር ሳጥን ውስጥ ገጠመው። ጀርማኒየም ነው፣ በ9 ቮልት ድንጋይ ይሠራል፣ አንድም ማዞሪያ የለውም። የባንዱ ጊታሪስት ብራያን ሜይ ከአባቱ ጋር በእጁ የሠራውን ጊታር ሰክቶበት "ጉድ ካምፓኒ" በተባለው የ1975 ዘፈን ላይ ክላርኔቱንም ትራምፔቱንም ትሮምቦኑንም አንድ በአንድ በጊታር ቀዳ። ሙሉ የጃዝ ባንድ ይመስላል፤ አንድም የሚነፋ መሣሪያ የለም።

ሳጥን ስትመርጡ ብረት ይሁን፤ የብስኩት ቆርቆሮ በደንብ ይሠራል። ቆርቆሮው ከግራውንድ ጋር ሲገናኝ በአየር ላይ የሚንሳፈፈውን የመብራት መስመር ድምፅ ያግዳል። ፈዝ ሁሉን ነገር ስለሚያጎላ ያን እምምም የሚለውን ድምፅም አይተወውም። ኢትዮጵያ ውስጥ የመብራቱ ድምፅ 50 ኸርዝ ነው፣ ከጂ ኖታ ብዙ አይርቅም። ዋሽንግተን ያላችሁ 60 ትሰማላችሁ፤ በቢ ፍላትና በቢ መካከል የወደቀ፣ ከምንም የማይስማማ ኖታ ነው። በዚህ በኩል እንኳ ዕድለኞች እኛ ነን።

አንድ ነገር ግን ቀልድ አይደለም። ይህ ሁሉ በድንጋይ ስለሚሠራ እጃችሁን አይነካችሁም። በቱቦ የሚሠራ አምፕሊፋየር ውስጥ ግን 300 ቮልትና ከዚያ በላይ አለ፤ ካፓሲተሮቹም ከሶኬት ከተነቀለ በኋላ ይዘውት ይቆያሉ። አንዳንድ የድሮ ሬዲዮ ደግሞ ብረቱ በቀጥታ ከመብራት መስመር ጋር የተገናኘ ነው፤ ያን ወደ ጊታር አምፕሊፋየር መለወጥ ክሩን የሚነካውን ሰው ሊገድል ይችላል። የሚያውቅ ሰው አጠገባችሁ ሳይኖር አትክፈቱት።

ጊታር የሌላችሁ ደግሞ ክራር ይዛችሁ ኑ። ሙዚቃ ከሚዘፍን የልደት ካርድ ወይም ከማንቂያ ሰዓት የሚገኘውን ስስ ክብ ፒየዞ የክራሩ ክሮች ከሚያርፉበት ብርኩማ አጠገብ ቆዳው ላይ ለጥፉት። በቀጥታ ኤልኤም386 ላይ ብትሰኩት ድምፁ ቀጭን፣ ባስ የሌለው ይሆናል፤ የአይሲዋ መግቢያ 50 ኪሎ ኦም ነው፣ ለፒየዞ ይህ በጣም ትንሽ ነው። ጊታሩንም ቢሆን ሹል ድምፁን ትንሽ ያደክመዋል። መፍትሔው አንድ ኤምፒኤፍ102 ትራንዚስተር በፊቷ ማስቀደም ነው፦ ድሬኑ ወደ ፖዘቲቭ፣ ጌቱ ላይ ወደ ግራውንድ የሚሄድ 1.5 ሜጋ ኦም፣ ሶርሱ ላይ 3.9 ኪሎ ኦም፣ ከሶርሱ በ0.047 ማይክሮ ፋራድና በ10 ኪሎ ኦም የድምፅ ማዞሪያ አልፎ ወደ ሦስተኛው እግር። ባሱ ይመለሳል። 1.5 ሜጋው ሱቅ ውስጥ ከጠፋ ሦስት 470 ኪሎ ኦም ተከታትላችሁ ቀጥሉ፤ 1.41 ይሆናል፣ ክራሩ አይነቃባችሁም።